ኤሊዎቹን ልታዩ ከመምጣታችሁ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽን ብቻ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ይዘሽ እንደምትመጪ ስሰማ ደስ አለኝ። ግን በስልክ «ኤሊ ምን ያደርጋል፣ ትንሹን ጀርባው ላይ አስቀምጠን ፎቶ እናነሳዋለን» ስትይ ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም። እዚህ እስራኤል ያለው የአሌክሳንደር ወንዝ ኤሊ አገር ቤት መንገድ ዳር የምናውቀው ድንጋይ ለባሽ፣ የዋህ ፍጥረት አይደለም።

ይሄ የናይል ኤሊ የሚባለው ነው። በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅም አለ፤ እዚህ እስራኤልና ቱርክ ውስጥ ደግሞ ወደ ሜዲትራኒያን በሚፈስሱ ወንዞች ይኖራል። እኛ በአውሮፕላን ስንገባ እሱ ቀድሞን ኖሯል ማለት ነው። ትልልቆቹ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ የጀርባቸው ርዝመት ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ጀርባው ጠፍጣፋ ነው፤ በጠንካራ ቅርፊት ፈንታ ቆዳ የለበሰ፣ ጠርዙም ልፍስፍስ ያለ። በእያንዳንዱ እግሩ ላይ ሦስት ሦስት ጥፍር አለው።

እንግዲህ ተደብቆ የሚያልፍበት ድንጋይ ስለሌለው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፣ መሸሻ ካጣ ይነክሳል። አንገቱ ሲያዩት አጭር ይመስላል፤ ሲዘረጋው ግን ወደ ኋላ ዞሮ ጎኑን የያዘውን እጅ ይደርስበታል። ስለዚህ ከኋላ ይዤዋለሁ የሚል ሰው ጣቱን ይጠብቅ። ለልጆቹ ይህን አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔን አያቴ ነው ብለው አይሰሙኝም።

ደህና አድርጎ ማየት የሚቻለው በዕብራይስጥ «ጌሼር ሃጻቢም»፣ የኤሊዎች ድልድይ፣ ከሚሉት ድልድይ አጠገብ ሆኖ ነው። ዝም ብላችሁ ውሃውን ተመልከቱ። መጀመሪያ እንደ ቧንቧ የሾለች አፍንጫ ብቻ ብቅ ትላለች፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በደንብ ይታያሉ። አየር ስባ ወዲያው ትሰምጣለች። ሌላው አካሉ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ሲያልፍበት አንገቱን ወርውሮ ይለቅመዋል። ቀንድ አውጣም፣ የሞተ ነገርም ይበላል። ሳንባ ያለው ቢሆንም ጠልቆ ሳለ በቆዳውና በጉሮሮው ከውሃው ኦክስጅን ስለሚወስድ ቶሎ ካልወጣ ልጆቹ «ሞተ» ብለው እንዳይደነግጡ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው።

ሰው ዳቦ ይጥልላቸዋል፤ እኔ አልወደውም። ዳቦ የለመደ ኤሊ የሰው እጅ ባየ ቁጥር ይጠጋል፣ ጣትና ቁራሽ ደግሞ ለይቶ አያውቅም።

አሁን የእንቁላል ወቅት ስለሆነ አሸዋማው ዳር ላይ ልጆቹን አትልቀቂያቸው። እናቲቱ ከውሃ ወጥታ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍርና ክብ ክብ እንቁላሎቿን በደርዘን ቆጥረሽ የማትጨርሺውን ያህል ጥላ፣ አልብሳ ትሄዳለች። ተመልሳ አታያቸውም። ቀበሮ ካላወጣው፣ ሰው ካልረገጠው፣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል።

ወንዙ ራሱ ለብዙ ዓመታት ከናብሉስና ከአካባቢው ከተሞች በሚወርድ ፍሳሽ ተበክሎ የኖረ ነው። ብዙ ተደክሞበት በ2003 ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ ላይ የዓለም አቀፉን የወንዝ ሽልማት አግኝቷል። ንጹሕ ሆነ ማለት ግን አይደለም፤ ልጆቹ እጃቸውን እንኳ እንዳይነክሩ። የሜዲትራኒያን ዳርቻዎቹ ኤሊዎችም ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል።

ፀሐዩ ሳይከር፣ በጠዋቱ ድረሱ። ኮፍያና የተሸፈነ ጫማ አድርጊላቸው። እናትሽ የሰንበቱን ዳቦ ሐሙስ ማታ ታቦካለች፤ እሱን ከወንዙ ስንመለስ እንቆርሰዋለን፣ ይዘነው አንሄድም።

አባትሽ