«ተንከባካቢ ነዎት?» ተብሎ ለሚጠየቅ ልጅ፦ ለዋሽንግተን ዲሲ የአረጋውያንና የማኅበረሰብ ኑሮ መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

እናቴን በቤቴ ማስታመም ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ራሴን «ተንከባካቢ» ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ልጅ ነኝ። አዛውንቶቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ይላሉና ወላጅን መጦር በእኛ ዘንድ የልጅነት ዕዳ እንጂ ስም የሚወጣለት ሥራ አይደለም። ስለዚህ «ተንከባካቢ ነዎት?» ብሎ የሚጀምር በራሪ ወረቀት፣ አማርኛው እንከን ባይኖረውም እንኳ፣ አንባቢዋ የተጠራው ሌላ ሰው መስሏት ታልፈዋለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማችን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ጽሑፎች በአማርኛ እንዲደርሱን በማድረጉ ባለውለታችን ነው፤ ሆኖም ወረቀቱ ስሙን ትቶ ሥራውን ቢጠይቅ፣ «እናትዎን የሚያጥቡት፣ ሐኪም ቤት ወስደው የሚያስተረጉሙላቸው እርስዎ ነዎት?» ቢል፣ ብዙ ሴቶች (ሸክሙ በማን ላይ እንደሚበረታ መቼም አይጠፋችሁም) ራሳቸውን ያገኙበታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አስታማሚን ለጥቂት ሰዓት የሚተካው አገልግሎት ነው። እናቴ የመርሳት ሕመም ከያዛት ወዲህ እንግሊዝኛዋ ጠፍቶ አማርኛዋ ብቻ ቀርቷል። አንድ ድርጅት የላከልን ረዳት ቅን ወጣት ነበር፤ ገላዋን ሊያጥብ ሲቀርብ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ጮኸች፤ እኔን ሊያሳርፍ የታሰበው ሰዓትም ሦስታችንንም አድክሞ አለፈ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ሲመጡ ግን ቡና ይፈላል፣ የአገር ቤት ወሬ ይነሣል፣ እናቴም ከሰዓቱን ሙሉ ተረጋግታ ትውላለች።

እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው የፌዴራሉ የቤተሰብ ተንከባካቢዎች ድጋፍ ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስታምም ሰው የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት አይልም። ሕጉ ይህን ያህል ከሰፋ፣ ተተኪውን ቤተሰቡ ራሱ እንዲመርጥ፣ እንደ ጎረቤታችን ያሉትም ሥልጠናና ክፍያ አግኝተው እንዲሠሩ መንገድ እንድትፈልጉልን እጠይቃለሁ። ምግብ ሲላክም ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55ቱንም ቀን፣ ሥጋና ወተት የማይነኩ አረጋውያን፣ እንዲሁም ሐላል ካልሆነ የማይቀምሱ ሌሎች መኖራቸው ይታሰብ።

አስታማሚዎችን ለውይይት መሰብሰብን በተመለከተ፣ ገበናን በማያውቁት ሰው ፊት ማውጣት ለእኛ ከባድ ነው። ከመምሪያው አንድ ባለሙያ ወደ እድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ቢመጣ ግን ጥያቄው ከአዳራሹ አልፎ እስከ ደጃፍ ይከተለዋል። ቀኑን ብታሳውቁን ቦታውንም ቡናውንም እኛ እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
እናቷን የምታስታምም የከተማዋ ነዋሪ