ሲስተር፣ ሲስተም የለም!

ቀጮዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ማን ማንን ጠፋ የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። አሁን ከጀመርኩት ወረቀቱ በሱ ያልቃል። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ነው የሚያስቸግራት። አሁንም "ያቺ ቀጭኗ ልጅ አግብታ ቀረች" እያለች ታነሳሻለች።

ሰሞኑን ከናንተ ሆስፒታል ለስልጠና የመጣች ልጅ "እውነት የኮምፒውተር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆናለች ወይ?" ብለሽ እንደጠየቅሻት ነገረችኝ። እውነት ነው። በደንብ ሳቂና ጨርሺ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

የካርድ ክፍላችንን መቼም አትረሺውም። አንቺ ደሴ ከገባሽ በኋላ ኮምፒውተር ገባለት። ጤና ጥበቃ በ2008 "የመረጃ አብዮት" ብሎ ከተነሳ ወዲህ ሁሉም ሆስፒታል ኮምፒውተር ያምረው ነበር። ያ እስከ ጣሪያ የተከመረ ካርድ ሊቀር ነው ሲባል እልል አልን። ሳምንት ሳይሞላ ግን አዲስ ዘፈን መጣ፤ "ሲስተር፣ ሲስተም የለም!" ጠዋት የለም፣ ማታ የለም። ደግሞ ሲኖርም ጉድ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የስኳር ታማሚ እናት መጡ። ክትትላቸው እኛው ጋ ነው፤ መልካቸውን አውቀዋለሁ። የካርድ ክፍሉ ልጅ ስማቸውን ጻፈ፤ የለም አለው። ደግሞ ጻፈ፤ የለም። አዲስ ካርድ ሊያወጣላቸው ሲል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስማቸው ፀሐይ ነው። ባለፈው የመዘገበችው ልጅ "ጸሀይ" ብላ ጽፋዋለች፤ የዛሬው በፀሐዩ "ፀ" እና በሐመሩ "ሐ" ይፈልጋል። ለኛ አንድ ሴትዮ ናቸው፤ ለማሽኑ ሌላ ሰው። ስናጣራ ሦስት ካርድ ተገኘባቸው። ኢንሱሊናቸው አንዱ ላይ፣ የኩላሊት ምርመራቸው ሌላው ላይ። ሐኪሙ የሚያየው አንዱን ብቻ ነበር።

እሱን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ሰዓቱንም አየሁት። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለ8:00 የታዘዘ መድኃኒት የጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። አዲስ የመጣች ነርስ በኛ 8 ሰዓት ካነበበችው ግን ከምሳ በኋላ ይሰጣል። ስድስት ሰዓት ሙሉ! "የቤተሰብ ስም" የሚል ሣጥንም ነበረው። በሽተኞቹ "የየትኛው ቤተሰብ? የባሌ ነው?" ይሉ ነበር።

ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፌ ሊጠግን ለሚመጣው ልጅ ሰጠሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቁጭ ብሎ አነበበና "ሲስተር፣ ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?" አለኝ። ማን ይነግረኛል? በሽተኛው ነዋ! በሚቀጥለው ጊዜ አለቃውን ይዞት መጣ።

አለቃው ሲስተሙን የሠራውን ድርጅት የመሠረተው ኢንጂነር ነው። ነርሶችን የሚያሠለጥን ሰው እፈልጋለሁ አለኝ። የመንግሥት ሥራ ትቶ የግል መግባት ቤተሰብ ጋ ምን እንደሚያስወራ ታውቂዋለሽ፤ ጡረታሽስ፣ ቢዘጋስ፣ ምን ጎደለብሽ። ገባሁ። አሠለጠንኩ፣ ከዚያ የደንበኞች አገልግሎት ያዝኩ፣ ከዚያ የሰው ኃይል። በመሃል ማታ ማታ ማኔጅመንት ተማርኩ። እሱን አላስረዝምብሽም፤ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

መሥራቹ ጠቅልሎ ቤተሰቡ ጋ ውጭ ሊሄድ ሲል ቦርዱ ሰው መፈለግ ጀመረ። ሁሉም ያየው ዋናውን ፕሮግራመር ነበር። እሱ ደግሞ "እኔን ለስብሰባ አትዳሩኝ፣ ኮዴን ልጻፍበት" ብሎ እምቢ አለ። የኔ ስም ሲነሳ አንደኛው የቦርድ አባል "ነርሷ?" አሉ። አልተቀየምኳቸውም፤ እሳቸውን ብሆን እኔም እል ነበር። ሌላኛው ግን የሚያነቡ ሰው ናቸው። የኮምፒውተሩ ኩባንያ አይቢኤም በ1993 እ.ኤ.አ. ሊወድቅ ሲንገዳገድ ያመጡት ሉ ገርስትነር ከብስኩትና ከሲጋራ ኩባንያ ነው የመጣው አሉ። የፎቶኮፒ ማሽኑን ኩባንያ ዜሮክስን ከኪሳራ አፋፍ የመለሰችው አን ሙልካሂም ሻጭ ሆና ገብታ፣ የሰው ኃይሉን መርታ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ነው ወንበሩ ላይ የወጣችው አሉ። ደስ ይላል። ግን በነሱ ሥር በሺዎች የሚቆጠር ኢንጂነር ነበር። እኛ ሁላችን ተሰብስበን አንድ ሃይገር ባስ አንሞላም።

ብቻ ሆንኩ። ኮድ አልጽፍም፤ ዛሬም አልችልም። ምን ታደርጊያለሽ ትይኝ ይሆናል። ዋርድ ላይ የማደርገውን ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ርክክብ አስገባሁ። እነሱም ጠዋት ጠዋት ስታንድአፕ የሚሉት የቁም ስብሰባ ነበራቸው፤ ግን ሁሉም ስልኩን እየነካካ የሚቆምበት ነበር። እኔ የነርሶች አለቃችን ሜትረን ያስተማሩንን የተረኛ ርክክብ አመጣሁ። ቢሮ ተቀምጦ ሳይሆን በሽተኛው ጋ ተሂዶ ነው የሚነገረው። ሌሊት ምን ወደቀ፣ ማን ነካው፣ ምን ተደረገለት፣ አሁን ማን ይረከባል። ስም ተጠርቶ። "አይቼዋለሁ" የሚል መልስ አልቀበልም።

ከዚያ ካርድ ክፍል። አዲስ የተቀጠረ ፕሮግራመር ኮምፒውተር ሳይነካ አንድ ሳምንት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ይቀመጣል። አኮረፉ። "ለዚህ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት" ያለኝ አለ። እሱው ልጅ ሲመለስ "ሲስተር፣ ሴትዮዋ ምጥ ይዟት ቆማ ለምንድነው ይሄን ሁሉ ሣጥን የምናስሞላት?" አለኝ። ቅጹን ራሱ ቆርጦ አሳጠረው፤ ማንም አላዘዘውም። ከሠራሁት ሁሉ ይኼኛው ይበልጥብኛል።

የበሽተኛ ምስጢርም አለ። አንዱ ለመሞከሪያ ብሎ የእውነተኛ በሽተኞች ስም ከነሕመማቸው ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ካፌ ለካፌ ይዞት ሲዞር ያዝኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያኔ ገና አልወጣም ነበር። እኛ ግን ነጭ ጋውን ስንለብስ የማልነውን አዋጅ አልጠበቅንለትም። አሁን የምንሞክረው በተፈጠረ ስም ብቻ ነው።

አንድ ማታ ደግሞ አንድ ሆስፒታል ላይ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ልጁ ሁለት ሌሊት አልተኛም። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ዳታቤዙ ላይ ገብቶ የሆነ ነገር ሊሰርዝ ነው። ምን እንደሚሰርዝ አላውቅም፤ ዓይኑን ግን አውቀዋለሁ። ሁለት ሌሊት ያደረች ነርስ መርፌ እንድትቀዳ ትፈቅጃለሽ? "ተነስ፣ ቤትህ ሂድ" አልኩት። ጮኸብኝ። "አንቺ ምኑ ይገባሻል!" አለ፤ በሰው ፊት። በራይድ አሳፍሬ ሸኘሁት። ሆስፒታሉ ያዘጋጀንለትን የወረቀት ቅጽ አውጥቶ በእጅ እየጻፈ አደረ። ጠዋት ተኝታ የመጣች ልጅ በጥቂት ደቂቃ አገኘችው። የሰርቨሩ ዲስክ ማሽኑ የሠራውን ሁሉ በሚመዘግብበት፣ ማንም በማያነበው የሎግ ፋይል ጢም ብሎ ሞልቶ ነው። የተሰረዘ ነገር ቢኖር የስንት ሰው ታሪክ አብሮ ይሄድ ነበር።

ሰው ግን ይሄን ሁሉ ሲያይ "ሲስተር እናት ናት" ይላል። አልወደውም። እናት ልጇን አታባርርም፤ እኔ አባርሬያለሁ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ እውነት ለመናገር ከሁሉም ጎበዝ። ስልክ የምታነሳውን ልጅ በሁሉ ፊት "ደነዝ" አላት። ጠርቼ ነገርኩት። ደገመው። ሒሳቡን ዘግቼ ሸኘሁት። ኮዱን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አበሳችንን አየን፤ ደንበኛም አጣን። ዛሬ ቢመለስም ያንኑ ነው የማደርገው።

የገንዘቡ ነገር ግን አስጨንቆኛል። በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሰርቨር ኪራይ የምንከፍለው በዶላር ነው። ከሆስፒታል የምንሰበስበው ብር ነው፤ እሱም ውሉ ድሮ የተፈረመ፣ ክፍያው ሲለመን የሚመጣ። ልጆቹን ደግሞ የውጭ ድርጅቶች ቤታቸው እንደተቀመጡ በዶላር ይቀጥሯቸዋል። ምን ይዤ ልከራከር? የድርጅቱን ሒሳብ ሠራተኛው ፊት ዘረገፍኩት፤ ገቢው ይሄ፣ ወጪው ይሄ። ቦርዱ አልወደደልኝም። ልጆቹ ግን ቁጭ ብለው ሲፈትሹት ከምንከራየው ሰርቨር ግማሹ ሥራ ፈትቶ የሚበላ ሆኖ ተገኘ። ዘጉት። የዳነው ብር ደመወዝ ላይ ገባ። በዚያ ሁሉንም ማስቀረት አልቻልኩም። የሚሄድን ሰው አልለምንም። የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፤ በምላሹ የምጠይቀው ደህና ርክክብ ብቻ ነው። ሰው በውለታ ሲታሰር ሥራው ይበላሻል፤ ይሄን ሁለታችንም በዓይናችን አይተናል።

ካዛንቺስ የነበረው ቢሯችን በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። አሁን ለገሃር አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ባቡሩ በመስኮታችን ትይዩ ያልፋል፤ ሊፍቱ ደስ ሲለው ይሠራል። ምሳ በዱቤ ያበሉን የነበሩት እትዬ ምትክ ቤት ገላን ጉራ ደርሷቸዋል። ልጆቹ የዱቤ ደብተሩ ሳይዘጋ ነው ሰፈሩ የፈረሰው ብለው አፈላልገው ሄደው ከፈሏቸው። እትዬ ደብተሩን ጥለውት ኖሯል። ልጆቹ ግን እያንዳንዱ የበላውን ያውቅ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው የነገሩኝ።

እናንተም ጋ ሲስተም ሊገባ መሆኑን ሰምቻለሁ። ጨረታው ውስጥ እኛም ስላለን ማንን እንደምትመርጡ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ነውር ነው። ግን ማንም ያሸንፍ ማን፣ ርክክብ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አንቺ ራስሽ ቁጭ በዪና አንዲት ፀሐይን መዝግቢ። ከዚያ በየዓይነቱ ፊደል ፈልጊያት። ካልመጣች እንዳትፈርሙ። የኛም ቢሆን።

ለጥምቀት ልመጣ አስቤ ነበር። ጨረታው ሳይከፈት ቤትሽ ባድር ግን ሰው ያወራል። ውጤቱ ሲለጠፍ እመጣለሁ፤ ብንሸነፍም እመጣለሁ። ሆቴል አልይዝም፣ አልጋ አዘጋጂ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
የማታ ተረኛሽ