የእንጦጦዋን ቀጭን መንገድ ክረምት ሳይወስዳት

ይህን ጥሪ የምጽፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስተን የእንጦጦን ደን በእግር የምንወጣውን ሰዎች ወክዬ ነው። ሞልተን ስንመጣ ሠላሳ እንሆናለን። የሚበዛው ጡረተኛ ነው። ሐኪም "ተራመዱ" ያላቸው ባለስኳሮችና ባለደም ግፊቶች አሉን፤ ከስድስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎች አሉን፤ ጉልበቴን አመመኝ እያለች ከሁላችን ፊት የምትሄድ የሸማ ነጋዴም አለችን። ማኅተም የለንም፤ ቲሸርትም አላሳተምንም። ያገናኘችን ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የምትሆን የደን መንገድ ናት፤ እሷም በየክረምቱ እየታጠበች ልታልቅብን ነው።

እንጦጦ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ነው። እሱ አስፋልቱም ካፌውም ተሟልቶለታል፤ ልጆች ይዞ ለመሄድ ደኅና ነው። የእኛዋ መንገድ ግን ከዚያ ውጭ ናት። ከአስፋልቱ ተገንጥላችሁ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትገቡ ብዙም ሳትርቁ የታክሲው ጥሩምባ ይጠፋል። መጀመሪያ ጸጥታው ራሱ ጆሮ ላይ ይከብዳል። ቆይቶ አንድ በአንድ መስማት ትጀምራላችሁ፦ የተላጠ ቅርፊት በነፋስ ግንዱን ሲመታ፣ ቆቅ ከቁጥቋጦ ሥር ስትጮህ፣ ከሩቅ ደግሞ የቅዳሴ ድምፅ። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ባሕር ዛፉ ይሳሳና የአገሩ ዛፍ ብቅ ይላል፤ ጽድ፣ ወይራ፣ አልፎ አልፎ ኮሶ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ አስታ። ቀጋው ሲያፈራ ተማሪዎቹ ቆመው ይለቅማሉ፤ እኛ ሽማግሌዎቹም ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሰበብ እናገኛለን። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ቆሞ ማውራት እንኳ ያስለከልካል።

ባለፈው ነሐሴ ከመካከላችን አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሁላችንም "ቲቸር" የምንላቸው፣ ሲወርዱ ተንሸራተው ቦረቦር ውስጥ ወደቁ። ያ ቦረቦር ከጥቂት ዓመታት በፊት የምንሄድበት መንገድ ነበር። አሁን ወገብ ድረስ ይውጣል፤ ከግድግዳው የባሕር ዛፍ ሥር እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ዝናቡ አላባራም። ስልክ ይሠራል አይሠራም እያልን ስንደናበር ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ደረሱ። ምንም አልጠየቁም። ገመዳቸውን ፈትተው ሸክማቸውን መንገድ ዳር ጣሉ፤ ጋቢ ተቀብለው ሴትዮዋን ደገፍ አድርገው ጠቀለሏቸው፤ ከዚያ እየተፈራረቁ አዝለው እስከ አስፋልቱ አወረዷቸው። እኛ አምስት ወንዶች ጃንጥላ ይዘን ከኋላ ተከተልን። ማፈሬን አልደብቅም።

ሴቶቹ ሲመለሱ አንደኛው ሸክም የለም። ሰው አንስቶታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቷን ፈልገን ከመካከላችን አዋጥተን ዋጋውን ልንሰጣት ስንሞክር እጇን ሰበሰበች። "ገንዘቡን ተዉትና መንገዱን አስተካክሉት" አለችን። "እናንተ በሳምንት አንዴ ነው የምትወጡት። እኔ በየቀኑ ነኝ።"

ከዚያ ቀን በፊት "መንገዳችን" ስንል ኖረናል። አፋችን ላይ ከበደን።

መንገዱን የሚያፈርሰው የእግር ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ውሃ ነው። ከእኛ መካከል ዕድሜውን በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ያሳለፈ አንድ የግብርና ባለሙያ አለ፤ እሱ ባያስረዳን ኖሮ አሁንም ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ እየወረወርን "ጠገንን" እንል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ድሮ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው። ሰው ሲቸኩል ጥምዝምዙን ትቶ ቀጥ ብሎ በአቋራጭ ይወርዳል። እግር ያሳሳው ቦታ ትንሽ ይጎደጉዳል፤ ውሃም እንደ ሰው አቋራጭ ይወዳል። አንድ ክረምት አፈሩን ይልሰዋል፤ ሁለተኛው ይቦረቡረዋል፤ ሦስተኛው ላይ መሻገሪያ ይጠፋል። ያኔ ሰው ከጎኑ ሌላ አቋራጭ ይከፍታል፤ ታሪኩም እንደ አዲስ ይጀመራል። በአንድ ዳገት ላይ አራት ጎን ለጎን የተቆፈሩ ቦረቦሮች ቆጥረናል፤ አራቱም በየተራቸው መንገድ ነበሩ።

በዚህ ላይ መሬቱ ራቁቱን ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈውም ቅጠል ለምጣድ ይጠረጋል። ዝናቡ መሬት ሲደርስ የሚያበርደው ነገር የለም። ባሕር ዛፉን ለመክሰስ ብዬ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው እንጨት በማገዶና በግንባታ ከማለቁ የተነሳ አፄ ምኒልክ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነስተው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣውና በፍጥነት የሚያድገው ይኸው ዛፍ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። እናቴም እንጀራ ስትጋግር የኖረችው በዚሁ ቅጠል ነው። ስለዚህ "ቅጠል አይጠረግ" የሚል ሰው ከእኛ ወገን አታገኙም። ከሴቶቹ ጋር የተስማማነው ጠባብ ነገር ነው፦ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሜትር ያለው ቅጠል አይነካ፣ ሌላው እንደ ልማዱ።

የምንሠራውን ላስረዳ። አንደኛ፣ በዳገቱ ላይ በአሥራ አንድ ቦታ የጎርፍ መቀልበሻ ይሠራል። መንገዱን ሰያፍ የሚያቋርጥ የድንጋይ መስመር ነው፤ ግማሽ ክንድ ያህል ይቀበርና ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። ውሃው ሲወርድ እሱ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፍና ደኑ ውስጥ ይበተናል። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ከተጋደመ ውሃው ይቋጠርና ዘሎት ያልፋል፤ ሰያፍነቱ ላይ ነው ጥበቡ። ይህን በጥቅምት አንድ ቦታ ላይ ሞክረነዋል፤ የመጨረሻው ዝናብ ሲመጣ ቆመን አየን። ጭቃ ውሃው ድንጋዩ ጋ ደርሶ እንደታዘዘ በግ ወደ ጎን ሲታጠፍ ቲቸር በጄሶ በታሰረው እጃቸው ሊያጨበጭቡ ሞከሩ። ሁለተኛ፣ የተቦረቦሩት ላይ የድንጋይ ክትር እየተደረደረ ደለል እንዲይዙ ይደረጋል። የአቋራጮቹ አፍ በቀጋ እሾህ ይዘጋል፤ ለሰው ከማስታወቂያ ሰሌዳ የበለጠ የሚገባው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ክረምት ላይ የሚሞላውን ጅረት የሚያሻግር አንድ ድልድይ።

ድልድዩ ላይ ተሳስተን ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ ንድፍ ሠርቶ አመጣ፤ ያምራል፤ አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት፣ በሁለቱም ወገን የእጅ መደገፊያ። ለዚያችው ሸክሟ ለጠፋባት ሴት ስናሳያት ወረቀቱን አየችው፣ እኛንም አየችን፣ ከዚያ ሳቀች። "እና እንጨቱን ማን ያሳልፍልኛል?" እንጨቱ ጀርባ ላይ በአግድም ነው የሚታሰረው፤ ጫፍና ጫፉ ከመንገዱ ራሱ ይሰፋል። ለዘጠኝ ዓመት ሲያልፉ ቁጥቋጦ ውስጥ እየገባን "እግዜር ያበርታሽ" ስንል ኖረን አንዳችንም ስፋቱን አላሰብነውም። አሁን ድልድዩ ሁለት ሜትር ይሰፋል፤ መደገፊያውም በአንድ ወገን ብቻ ነው። ደረጃዎቹንም በእሷ ምክር አሳጠርናቸው፤ ሸክም ያለበት ሰው ጉልበቱን ከፍ አድርጎ መርገጥ አይችልም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አጠቃላይ የሚያስፈልገው 480,000 ብር ነው። ትልቁ የሰው ጉልበት ነው፦ አሥራ ሁለት የቀን ሠራተኞች ለሠላሳ ቀን በቀን 600 ብር ሲታሰብ 216,000 ይመጣል፤ ሁለት ግንበኞች በቀን 1,200 ብር 72,000። ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱ እንጨት ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ይህ ለእኛ የማይነካ ነገር ነው፤ በርካሽ የሚሠራ ቡድን ቢመጣም አንቀይረውም። መኪና ደን ውስጥ ስለማይገባ ድንጋዩ ከአስፋልቱ ዳር በአህያ ይጋዛል፤ ለአህዮቹና ለድንጋዩ 60,000 ይዘናል። ድልድዩ 85,000፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ዲጂኖና ባሬላ 27,000። የቀረው 20,000 ሐምሌ ላይ በመንገዱ ዳር ለሚተከለው የጽድና የወይራ ችግኝና ለአጥሩ ነው።

እስካሁን ከመካከላችንና ከእድሩ 137,000 ብር ሰብስበናል። የጎደለው 343,000 ነው። ገንዘቡ ካልሞላ የምንተወው ድልድዩን ነው፤ መቀልበሻዎቹን አንተውም። እነሱንም ቢሆን ከላይ ጀምረን ወደ ታች ነው የምንሠራቸው፤ የላይኛውን ውሃ ሳይዙ የታችኛውን መጠገን ብር መጣል ነው።

ከቡድናችን "መግቢያው ላይ ትልልቅ ፊደል ተክለን ሰው ፎቶ ይነሳበት" ያለም አልጠፋም። ሻይ ቤት ይኑር፣ ሙዚቃ ይኑር የሚልም ነበር። ድምፅ ሰጥተን ጣልነው። ጸጥታ ያለበት ቦታ ለመሄድ ብለን ነው ከአልጋችን የምንነሳው። ከእናንተ በሚመጣ ገንዘብ ቀለም፣ ሰሌዳ፣ ስፒከር አይገዛም። የለጋሽ ስምም ድንጋይ ላይ አይቀረጽም፤ ይህ የሚያስቀይመው ካለ ከወዲሁ ይወቀው። ደኑን ከሚያስተዳድረው ክፍል በጽሑፍ ያገኘነውም ፈቃድ አፈር ከማስተካከል፣ ድንጋይ ከማንጠፍ፣ ችግኝ ከመትከልና አንድ ድልድይ ከመሥራት አያልፍም።

ብሩ የሚቀመጠው በሰፈራችን እድር ስም ነው። ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰዎች ፊርማ ሲሆን ከሦስቱ አንዷ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ የተመረጠች ናት። ሰፈሩ ውስጥ ያላችሁ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ እንዳትሰጡ። ዋሽንግተንም ዱባይም ያላችሁ የሽሮ ሜዳ ልጆች በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ። ያ ዳገት ላይ ቀጋ ስትለቅሙና ትምህርት ቤት ስታረፍዱ የኖራችሁ ናችሁ፤ እናቶቻችሁ ዝርዝሩን ያውቃሉ። በየሁለት ሳምንቱ ገቢና ወጪው በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። 600 ብር የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ ያነሰውንም በደስታ እንቀበላለን።

ገንዘብ የሌለው ሰው ሌላ ያዋጣል። ከቤት ፍርስራሽ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ያለው፣ ለሁለት ቀን አህያውን የሚያውስ፣ ዲጂኖ የሚያበድር ይምጣ። ተማሪዎቹ ደግሞ ሲወርዱ ሃይላንድ የሚለቅሙበት ማዳበሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለፈው ወር ብቻ ሰባት ማዳበሪያ ሞልቷል፤ ይህን የጣለው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ግማሹን ሳንጥለው አልቀረንም።

ጊዜው አጭር ነው። የበልግ ዝናብ ከመጣ መቆፈር አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራው በጥርና በየካቲት ማለቅ አለበት። ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ማዞሪያው እንነሳለን። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ጫማችሁ የማይንሸራተት ይሁን፤ ጋቢ አትርሱ፤ ላይ ብርድ ነው። ቆሎና ሻይ ከእኛ፤ ሻዩን የምታፈላው ያችው ባለ ሸማ ነጋዴ ስለሆነች ስኳሩ ይበዛል፤ ባለስኳሮች ተጠንቀቁ።