ድግሱ ይቀነስ እንጂ ጽዋው አይቁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«በዚህ ኑሮ ማን ማኅበር ያስጠጣል?» የሚለው ጥያቄ በባሕር ዳር ሰፈሮች እየተለመደ መጥቷል። ወጪው መናሩን አንክድም። ቅር የሚለን መፍትሔው ነው። ድግሱ ከበደ ተብሎ ማኅበሩ ሲፈርስ፣ በየወሩ ቀኑን ቆጥሮ ቤት ድረስ ይመጣ የነበረ ደስታ አብሮ ይቀራል። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ቃሉ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ቀጠሮ ካልተያዘለት ይረሳል። አባቶቻችን ቀጠሮውን በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አድርገው አስረውልናል።

ለመሆኑ ጽዋ ምን ይጠይቃል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 42 «ዋጋው አይጠፋበትም» የተባለለት ሰው ያጠጣው አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ጠላ እንኳ አልተባለም። በጉን፣ ሁለቱን ሳጥን ቢራ፣ ኪራይ ወንበሩን የጨመርንበት እኛው ነን። አንዱ ተረኛ ዶሮ ሲሠራ ቀጣዩ በግ ያርዳል፤ ሦስተኛው ላለማነስ ተበድሮ ያስጠጣል፤ አራተኛው ተራው አንድ ወር ሲቀረው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይጠፋል። ብዙ ማኅበር ጠብ ሳይነሣበት፣ እንዲህ በዝምታ ነው የሚፈርሰው። ሁለት ወር ተከታትሎ የቀረ ማኅበርተኛ ካለ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ መዝገቡን ገልጦ የዚያ ሰው ተራ መቼ እንደሆነ ይይ። ምክንያቱን እዚያው ያገኘዋል።

ስለዚህ ለድግሱ ልክ ይበጅለት፤ ልኩም በቃል ሳይሆን በመዝገብ ይጻፍ። 12 ማኅበርተኞች ከቤተሰባቸው ጋር 20 ሰው ቢሆኑ የ3 ኪሎ ዱቄት ድፎ፣ 30 እንጀራ፣ 1 ኪሎ ሽሮ፣ 1 ኪሎ ምስር፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላና ቡና ይበቃል። ከዚህ ያነሰ አይወቀስ፣ ከዚህ የበለጠ ግን ይወቀስ። ሁለተኛው አንቀጽ ካልተጻፈ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም፤ አቅም ያለው ሰው «ለሚካኤል ብዬ ነው» ብሎ በጉን ይዞ ይመጣል፣ ከርሱ ቀጥሎ ያለው ምስኪን ደግሞ ይሳቀቃል። ለሚካኤል ብሎ መስጠት የፈለገ ለነዳያን በስውር ይስጥ።

የድፎው ነገር ጥቂት ቃል ይገባዋል፤ ድፎ ከተበላሸ የተረኛዋ ፊት ቀኑን ሙሉ አይፈታም። ለ3 ኪሎ ዱቄት ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ባሕር ዳር ሞቃት ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ማታ የተቦካ ሊጥ እስኪነጋ አልፎ ይኮመጥጣል። በእነዚህ ወራት ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ማቡካት ይሻላል። የኮባው ቅጠል እሳት ላይ ካልተለበለበና ወፍራሙ አከርካሪው ካልተላጠ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሊጡም በስንጥቁ ይወጣል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርራል፣ መካከሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስንጥር ሰክቶ ማየት ነው፤ ሊጥ ይዞ ካልወጣ በስሏል። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ ድፎው ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ከሰልና እንጨት በአጠገብ ይቀመጥ። ትኩስ ድፎ ሲቆረስ ቢላዋ ላይ ይጣበቃል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ።

ምግቡ ዓመቱን ሙሉ የጾም ይሁን የምንለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ የማኅበሩ ዕለት በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይገፋል። የእኛው የሚካኤል ዕለት መስከረም 12 ሰኞ ከዋለ ጥቅምት 12 ረቡዕ፣ ኅዳር 12 አርብ፣ ታኅሣሥ 12 እሑድ ይውላል። ጳጉሜን በማይገባበት በማንኛውም ተከታታይ ሰባት ወር ውስጥ አንዱ ረቡዕ፣ አንዱ አርብ መሆኑ አይቀርም። በዚህ ላይ ታኅሣሥ 12 በጾመ ነቢያት፣ ነሐሴ 12 በፍልሰታ፣ መጋቢት 12 ደግሞ ፋሲካ መቼም ቢውል በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። «ዘንድሮ ይፈሰካል አይፈሰክም» የሚለው የየወሩ ስልክ ከዚህ ይመጣል። አንዴ «የጾም» ተብሎ ከተጻፈ ስልኩ ያርፋል። ዓሣም ከማኅበር ገበታ ይውጣ። ጣና አጠገባችን ስለሆነ ያጓጓል፤ በጾም ቀን ሲቀርብ ግን ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ያዝናል፣ ጽዋውም በክርክር ይጠጣል።

ሌላው በሽታ «ለእሑድ እናድርገው» ነው። 12 ማክሰኞ ዋለ ተብሎ ወደ እሑድ ይገፋል፤ እሑድ ሠርግ ይኖራል፤ ወደሚቀጥለው ይገፋል፤ ሁለት ወር በአንድ ይጠጣል፤ ሦስተኛው ላይ ማንም አይጠራም። ጽዋው በዕለቱ፣ ከሥራ መልስ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ይጠጣ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ይበቃዋል። የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከድርሳነ ሚካኤል የወሩ ንባብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፤ ከዚያ ካህኑ ድፎውንና ጽዋውን ባርኮ ይቆርሳል። ስልኮች ሁሉ መግቢያው ላይ መሶብ ውስጥ ይቀመጡ።

የመጀመሪያው ቁራሽ ለማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ለታመመው ማኅበርተኛ፣ ለጎረቤት አረጋዊት፣ ለቆሎ ተማሪው የሚላከው ተበልቶ ከተረፈው ነው። ነህምያ ምዕራፍ 8 ቁጥር 10 ላይ ሕዝቡ ብሉ፣ ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ዕድል ፈንታቸውን ስደዱ ተብሎ ነው የታዘዘው፤ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እንግዲያው ድፎው እንደተባረከ፣ ማንም ሳይቀምስ፣ ሦስት ወይም አራት ቁራሽ በአገልግል ተደርጎ በልጆች እጅ ይሂድ። ልጆቹ እስኪመለሱ ሌላው ይጠብቅ። አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ከዚያ ምስጋናው አለ። ብዙ ጊዜ ቡናው ሲፈላ ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ይዞራል፤ ያም ክፋት የለውም፣ ሰው ይተነፍሳል። ግን ከዚያ በፊት ሩብ ሰዓት ለምስጋና ይለይ። የቅዳሴው ጸሎተ አኰቴት፣ የምስጋናው ጸሎት፣ ሥርዓቱን ራሱ ሰጥቶናል፦ ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አጸናን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። እያንዳንዱ ሰው አንዱን ቃል ይምረጥና ከወሩ አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያያይዝበት። «ሰወረን» ያለ ባጃጁ ተገልብጦ ልጁ ሳይነካ መውጣቱን ይናገራል። «ረዳን» ያለች ጎረቤት ውኃ ስታካፍላት የከረመችበትን ሳምንት። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፍ ስብከት ይሆናል፣ ወይም የመኪና ግዥ ማስታወቂያ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዝም ቢል አይጎትጎት፤ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» የተባለው «ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ» በተባለበት በሮሜ 12 ቁጥር 15 ነው። ተራውም ለሌላ ይሰጥለት፣ ጽዋው ግን ቤቱ ድረስ ይሂድለትና ይቅመስ።

መጨረሻ ላይ ጽዋው እጅ ይለውጣል። ነጭ ነጠላ የለበሰው የሸክላ ማሰሮ፣ ጧፉ በርቶ፣ ከያዘው ወደሚቀጥለው ተረኛ ይሻገራል። ተቀባዩ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ሸክላው ከውስጡ ባለው ጠላ ይቀዘቅዛል፣ የጧፉ ሰም አውራ ጣት ላይ ጠብ ይላል፤ እልልታው ያኔ ይነሣል። ለሚቀጥሉት 30 ቀናት ያ ማሰሮ በዚያ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ልጆች «የእኛ ወር ነው» ይላሉ። ሽኝቱ በእግር ቢሆን ይመረጣል። በባጃጅ ሲኬድ ጧፉ ይጠፋል፣ መዝሙሩም በሞተሩ ድምፅ ይዋጣል።

ማኅበር የሌላችሁና ለመጀመር የምታስቡ ከ12 ሰው አትለፉ፤ በየወሩ ስለሚጠጣ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ ብቻ ይደርሰዋል። 24 ከሆናችሁ ሁለት ሁለት ሰው በጥምር ያስጠጣ እንጂ ተራው ሁለት ዓመት አይጠበቅ። የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በ12 ብዙ ማኅበር ስላለ ካህን በዚያ ማታ አይገኝም፣ ቀለል ያለ ቀን ያሳዩዋችኋል። ማሰሮውን ከገበያ ስትገዙ በጣት መታ አድርጋችሁ ስሙት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይደፈናል። አዲስ ሸክላ ያንጠባጥባልና ውኃ ሞልታችሁ ሁለት ሌሊት አሳድሩት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በወይራ አጥኑት። በመጀመሪያው ወር ግን ከሥሩ ሳህን አድርጉለት።

ከአክብሮት ጋር
የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ ባሕር ዳር