መሶብ ስር ያገኘኋት ወረቀት

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ካላሳየኋት እያለች ነው። እሁድ ይዣት ልደታ እመጣለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ወረቀቷ ነው። አጣጥፈሽ መሶቡ ስር የከተትሻት የላብራቶሪ ውጤት።

ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን እህል እንደቀነስሽ አውቃለሁ። የጠዋቱ ስኳር 128 ሲሆን «አየሽ፣ ደህና ነኝ» አልሽኝ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ግን 9.2 በመቶ ነው። ለብዙ የስኳር ሕመምተኛ ከ7 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ሐኪሙን ጠየቅኩት። ደም ውስጥ ያለው ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ግሉኮሱ ሲበዛ የሚጣበቀውም ይበዛል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ ስኳሩም እስከዚያ አብሮት ነው። የሁለት ቀን ጥንቃቄ አያስለቅቀውም።

ከታች ደግሞ «ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለ» ይላል። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ስኳር ለዓመታት ሲበዛ የኩላሊትን ወንፊት ይጎዳል። ያኔ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ያመልጣል።

ባለፈው ስንሳለም የእጅ ሰዓትሽ እስከ ክርንሽ ድረስ ሲንሸራተት አየሁ። ኢንሱሊን በደንብ ካልሠራ፣ በዚያ ላይ ሳትበዪ ከዋልሽ፣ ጉበትሽ ከጡንቻሽ ፕሮቲን ግሉኮስ ይሠራል። ጡንቻሽ ያልቃል፣ ስኳሩ ግን አይወርድም። ደከመኝ ብለሽ የምትጠጪው ሻይ ያለቀውን አይመልስም። ስኳር ብቻውን ፕሮቲን አይሆንም፣ ፕሮቲን የሚፈልገው ናይትሮጅን የለውማ። እንቁላልና ሥጋም በግምት አትጨምሪ። ስንት እንደሚበቃሽ ኩላሊትሽን የሚያየው ሐኪም ይንገረን።

እማዬ፣ ጅማ እየተማርኩ አባዬ እግሩ ሲቆረጥ «ትንሽ ቁስል ናት፣ ፈተናሽን ጨርሺ» አልሽኝ። ስመጣ ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች በአንድ በኩል ዝርግ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንዳልረበሽ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። ብቻሽን አስታመሽው፣ እኔን ደግሞ አስመረቅሽኝ። ውለታሽን አልረሳም። ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። እሱን ሳላስታምም ቀረሁ። አንቺን ግን አትከልክዪኝ።

ንስሐ አባትሽም እኮ በመድኃኒት ላይ ያለ ሰው አይጹም ብለውሻል።

ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሐኪሙ ጋ አብረን እንድንሄድ፣ ከሜክሲኮ በእግሬ እመጣለሁ። ደረጃውን ብቻሽን እንዳትወርጂ፣ እኔ እወጣለሁ። ወረቀቷን ቦርሳሽ ውስጥ፣ ከመድኃኒቱ ጋር አድርጌያታለሁ።

ልጅሽ