ሽልማቱ የኮሚቴ ድምፅንም ይቁጠር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የሸማቾችና የአካባቢ ጥበቃ ረቂቅ ሕጎችን ለሚያቀርቡ የግዛት ምክር ቤት አባላት የሚሰጠውን ሽልማት እደግፋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙም አይታይም። በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት የፎም (ነጭና ቀላል የፕላስቲክ) ምግብ መያዣን የሚያግደውን ረቂቅ በግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ያቀረቡት ብሩክ ሊርማን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመጽደቁ በፊትም ሞክረው አልተሳካላቸውም ነበር። ዛሬ የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ምግብ ቤቶች ወጥ በፎም አይሸጡም። (እርግጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከግዛቱ ቀድሞ አግዶታል።)

ግን ረቂቅ ላይ ስም ማስፈር ብቻውን ሊያሸልም አይገባም። ብዙ ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ረቂቅ አቅርቦ ዘወር ያለና እስከ መጨረሻው የታገለ እኩል መታየት የለባቸውም።

ስለዚህ ሸላሚዎች የኮሚቴ ድምፅንም ይመልከቱ። ጋዜጣችሁም የግዛቱ ምክር ቤት ጉባኤ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሲዘጋ፣ የየወረዳችን ተወካዮች የሰጡትን ድምፅ በአማርኛ ያትምልን።

አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ