ሁለቱንም ቦጊ አታጥብቁ

ሰላም ወዳጆች፣

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ የሞዴል ባቡራችን ፉርጎዎች ኩርባው ጋ ከሐዲዱ እየወጡ አስቸገሩን አይደል? ቤት ወስጄ ፈታኋቸው። ሐዲዱ ደህና ነው። ጥፋቱ ሁለቱንም ቦጊ፣ ማለትም ከፉርጎው ሥር ፊትና ኋላ ያሉትን ባለ አራት ጎማ ጋሪዎች፣ ጥብቅ አድርገን ማሰራችን ነው።

አንዱ ግራ ቀኝ ብቻ ይዙር። ሌላው ግን ወደ ጎንም ትንሽ ዘንበል ይበል። ያኔ ፉርጎው እንደ ሦስት እግር በርጩማ ወጣ ገባ ላይም ይቆማል። ዘንበል የሚለውን ቦጊ ዳዶ አጥብቃችሁ ግማሽ ዙር መልሱት፣ በሁለተኛ ዳዶ ቆልፉት። ሮንዴላ እንዳይረሳ!

ከመግጠማችሁ በፊት ቦጊውን መስታወት ላይ አስቀምጡት። አራቱም ጎማ ካልነካ ፍሬሙ ተጣሟል፤ እንደገና ይገጠም። ግራሶ ይቅር፣ በእኛ ብርድ ይጠጥራል። አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል።

የእኛ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በ1፡22.5 (ሞዴሉ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ሲያንስ) ሲሰላ የድሮው የጅቡቲ ባቡር የ1 ሜትር ስፋት ሐዲድ ነው። ለዚያ ባቡር ስል በደንብ እንዲሠራ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ትርፍ ዳዶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።